የባልጩት ጎረቤቶች

ወንድም ጋሼ ስለ ሥራው በሩስኛ ቢያወራ ኖሮ፣ ወይም እንደ ሌላው የተማረ ሰው ግማሹን በእንግሊዝኛ ቢያደርገው፣ የደረሰብን ነገር ባልደረሰብን ነበር። እሱ ግን በአማርኛ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ሶቭየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ከሁሉ በላይ ያንገበገበው፣ የተማረውን ለገዛ እህቱ በገዛ ቋንቋው ማስረዳት አለመቻሉ ነበር። ስለዚህ ቃል ይፈልጋል። ሲያገኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ይውላል። እኔ ያኔ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምር ነበርና፣ ያገኛቸውን ቃላት የሚሞክረው እኔ ላይ ነው።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ያውም ክፉው። ከተማችንን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ መንገድ ዳር ሰው ተሰብስቦ ካየሁ አንገቴን ደፍቼ ወደ ማዶ እሻገራለሁ። ክፍል ገብቼ ስም ስጠራ ከተማሪዎቼ አንዱ ዝም ካለና ጎኑ የተቀመጠው ልጅ ዓይኑን መሬት ላይ ከተከለ፣ ለምን ቀረ ብዬ አልጠይቅም፤ ቶሎ ወደሚቀጥለው ስም አልፋለሁ። ፈሪ ነበርኩ። በዚያ ዘመን ያልፈራ ሰው አላውቅም፤ ካለም ዛሬ በሕይወት ስለሌለ ልጠይቀው አልችልም።

የምንኖረው ከከተማው በስተምሥራቅ በኩል፣ አምስት በር ባለው ረጅም የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። አንዱ በር የእኛ ነው፣ ከውስጡ ሁለት ክፍል፤ አራቱ የጎረቤት። ግድግዳው ከላይ ጣሪያው ድረስ አይደርስም፤ ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው፣ ከአቡጀዲው በላይ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ክፍት ነው። ስለዚህ አንዱ ቤት ያነጠሰ ከሌላው ቤት «ይማርህ» ይባላል። ግድግዳ የሚጋራን ሰው የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሲሆን ከሲዳማ ገጠር መጥቶ ከተማ የኖረ ጭምት ሰው ነበር። ጴንጤ ነው። ጸሎት ቤታቸው ስለታሸገ ከሚስቱ ጋር በሹክሹክታ ይጸልያል፤ አንዳንዴም ይረሳውና በሲዳምኛ መዝሙር ይጀምራል፣ ሚስቱ ናት ዝም የምታሰኘው። እኛ ጸሎቱን እንሰማለን፤ እሱ ቁጥራችንን ይሰማል። ጠዋት ቧንቧ ጋ ስንገናኝ ግን ማንም ምንም አልሰማም።

ስለ ቁጥሩ ልናገር። ወንድም ጋሼ የሚሠራው የአፈር ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር፤ ልቡ ግን ባልጩት ላይ ነው። ያን ጥቁር፣ መስታወት የመሰለ፣ የድሮ ቆዳ ፋቂዎች እንደ ምላጭ የሚስሉትን ድንጋይ ማለቴ ነው። እኛ አገር ድሮ እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ስለሆነ ሜዳው ላይ ሞልቷል፤ በልጅነታችን እግራችንን ሲቆርጠን ነው ያደግነው። ለትምህርት ሲሄድ ከሻንጣው ልብስ አውጥቶ ባልጩት ጨምሮበት ሄደ። እዚያም ራጅ አነሣው፤ ንባቡንም በወረቀት ይዞ ተመለሰ። ሰው ሳንባውን ራጅ እንደሚነሣ ሁሉ ድንጋይም ይነሣል፤ ልዩነቱ፣ ድንጋይ ላይ የሚታየው ጥላው ሳይሆን ጨረሩ በየትኛው ማዕዘን ምን ያህል ተበትኖ እንደወጣ ነው።

«ጨው ውሰጂ» አለኝ አንድ ቀን፣ ምሳ ላይ የጨው ዕቃውን ወደ እኔ እየገፋ። «ጨው ውስጥ አተሞቹ እንደ ሰልፈኛ ናቸው። አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤ እሷው ናት ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ፊት የምትደጋገመው። እሷን ካወቅሽ ሁሉንም አወቅሽ። ያቺን ሳጥን ሕዋስ እንበላት።»

«ባልጩቱስ?»

«ባልጩት ቀልጦ ሳለ ድንገት የቀዘቀዘ ነው። ለመሰለፍ ጊዜ አላገኘም። ሕዋስ የለውም። ሥርዓት አልባ መዋቅር ነው። ራጅ ስታነሺው ጥርት ያለ ምልክት አይሰጥሽም፤ ሰፊ፣ የደበዘዘ ጉብታ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ምንም የለውም ብሎ ይጥለዋል። ግን የጠፋው የሩቁ ሥርዓት ነው እንጂ የቅርቡ አለ። እያንዳንዱ አተም ጎረቤቶቹን ያውቃል። ስንት ጎረቤት አለው? በምን ያህል ርቀት? እኔ እሱን ነው ማግኘት የምፈልገው።»

ሕዋስ፣ መዋቅር፣ ትስስር፣ ሥርዓት አልባ። ከአማርኛ ውስጥ ሰው የሚያስገድሉትን ቃላት ለይቶ የመረጠ ይመስል ነበር። ሕዋስ ያኔ በኅቡዕ የሚገናኙ፣ አንዱ የሌላውን ቤት የማያውቅ የሰዎች ስብስብ ነው። ሥርዓት አልበኛ ደግሞ ሬዲዮው በየቀኑ ጥፉ የሚላቸው ናቸው። እኔ ሕዋስ የሚለውን ቃል ተወው ብዬዋለሁ። «ሕዋስ የግዕዝ ነው» አለኝ፤ «ከነሱ በፊት ነበረ፣ ከነሱም በኋላ ይኖራል።» እኔም ቃሉ ይኖራል፣ አንተስ ብዬ ልመልስ አልኩና ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

ሥራው አታካች ነበር። የራጁ ወረቀት የሚናገረው በማዕዘን ነው፤ ያንን ወደ ርቀት ለመመለስ፣ ለእያንዳንዱ ርቀት፣ የራጁን ንባቦች በሙሉ አንድ በአንድ በሳይን እያባዙ መደመር ነው። ፈረንጆቹ አገር ይህን ለትልቅ ኮምፒዩተር ይሰጡታል። አዋሳ ውስጥ ያለነው እሱና እኔ ነን። እኔ ከሳይን ሠንጠረዡ አነብባለሁ፤ እሱ ቁጥሬን ጮክ ብሎ ይደግመዋል፣ ከዚያ በሒሳብ መኪናው ያባዛል፣ ድምሩን ይናገራል፣ ድምሩን ደግሞ እኔ እደግማለሁ። መደጋገሙ የእሱ ሕግ ነው። ስሕተት የሚገባው በዝምታ ነው ይላል። ከትምህርት ቤት ስመለስ እንጀምራለን፣ የሰዓት እላፊው ሳይገባ እናቆማለን። ቀስ በል ስለው ይቀንሳል፤ ትንሽ ቆይቶ ይረሳዋል።

ድምሮቹን በወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ እያያያዘ የሣለው ኩርባ የመጀመሪያዋን ጉብታ ያሳየ ቀን ወንድም ጋሼ እንደ ሕፃን ዘለለ። ጉብታዋ በጠራ ሁኔታ፣ በአተም ርቀት መለኪያ አንድ ነጥብ ስድስት ላይ ቆማ ነበር፤ የጎረቤቶቹን ቁጥር የሚናገረውን፣ ከሥሯ ያለውን ስፋት ሲለካው አራት ሆነ።

«አራት!» ብሎ ጮኸ። «አራት ናቸው አላልኩሽም! ሕዋስ የለውም፣ ጎረቤት ግን አለው! ጎረቤቶቹ አራት ናቸው!»

ከግድግዳው ወዲያ በሹክሹክታ ይሰማ የነበረው ጸሎት ቀጥ አለ። ወንድም ጋሼ ልብ አላለውም። እኔ ግን ሠንጠረዡን ዘጋሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኛ ቤት ግን ከአፍ የወጣ ነገር አፋፍ አይደለም የሚደርሰው፣ በአቡጀዲው ላይ ተሳፍሮ አምስት ቤት ነው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ፣ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መጡ። ሐይቁ ዳር ካለው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የገዛሁትን ቆሮሶ ጠብሼ ገና መብላት ጀምረናል። አንዱ በሩ ላይ ቆመ፤ ሌላው የሒሳብ መኪናውን፣ ሠንጠረዡን፣ የቁጥር ወረቀቶቹንና ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ኩርባ ሰበሰበ። ወንድም ጋሼ እጄን ልታጠብ አለ። አልፈቀዱለትም። ዓሣው በእጁ ላይ እንዳለ ይዘውት ሄዱ። እኔ ሳህኑን ይዤ መሐል ቤት ቆሜ ቀረሁ።

ውሃ ልቀዳ ብወጣ ግድግዳ የሚጋራን ጎረቤታችን ቧንቧው ጋ ጠበቀኝ። ባልዲው ሞልቶ ይፈሳል፣ አይዘጋውም።

«እህቴ» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ፤ «የሰማሁትን ብቻ ነው የተናገርኩት። አንድም ቃል አልጨመርኩም።»

«ለምን ይናገራሉ?» አልኩት። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ እርስዎ ነበር የምለው፤ በዚያች ሰዓት እንኳ አንተ ማለት አልሆነልኝም።

«ቀበሌ የጠሩኝ ስለ ጸሎቱ ነበር። ሌላ ነገር ብነግራቸው ጸሎቱን የሚረሱት መሰለኝ። ሕዋስ ይላል አልኳቸው። ጎረቤቶቹ አራት ናቸው ይላል አልኳቸው። ከዚያ አራቱ ጎረቤቶች እነማን ናቸው ብለው ጠየቁኝ።» አሁን ቧንቧውን ዘጋው። «ያኔ ነው የገባኝ። ለካ እኔም ጎረቤት ነኝ።»

ብሰድበው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ፊቱ እንደኔው የፈራ ፊት ነበር። ባልዲውን ሳያነሣ ወደ ቤቱ ገባ። ወሬው ግቢውን አዳርሶ ኖሮ ከሰዓት በኋላ ከአራቱ በሮች አንዱም አልተከፈተም። ሁልጊዜ ደጃፏ ላይ ሽንኩርት የምትልጠው ባለ ሱቋ የስልጤ ሴት እንኳ ውስጥ ሆና ነው የላጠችው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ያለ ሰው እዚያ ግቢ ያን ቀን ቢውል ምን ይል ነበር እያልኩ፣ ወንድሜን በሕይወት አየው ይሆን እያልኩ ዋልኩ። ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም። ይመለሳል፣ አይመለስም።

በማግሥቱ እኔን ጠሩኝ።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከአንድ ባለ ሀብት የተወረሰ ቪላ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ሊቀመንበሩ ተቀምጧል፤ ጠረጴዛው ላይ የወንድም ጋሼ ኩርባ ተዘርግቶ፣ በአራቱም ማዕዘን ጥይት ተቀምጦበታል። ከኋላ ካሉት ክፍሎች ድምፅ አይሰማም። ድምፅ ቢሰማ ይሻለኝ ነበር፤ ዝምታውን ነው የፈራሁት። በመንገዴ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ሳሰላስል ነበር የመጣሁት፦ ወንድም ጋሼ ምን ብሏል? እኔን ለማዳን ብሎ ዋሽቶ ከሆነ፣ የትምህርት ቤት ሥራ ነው ወይም ሎተሪ ነው ብሎ ከሆነ፣ እኔ እውነቱን ስናገር እገድለዋለሁ። እውነቱን ተናግሮ ከሆነ ደግሞ ስዋሽ እገድለዋለሁ። ከዚያ፣ ወንድሜ ለቃል ሲሆን ሞኝ ነው፣ አይዋሽም ብዬ ቆረጥኩ።

«ሕዋሱ የት ነው የሚገናኘው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ሕዋስ የለውም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ባልጩት ነው።»

«ባልጩት የማነው ስም?»

«ድንጋይ ነው። ጥቁሩ ድንጋይ።»

«አራቱ ጎረቤቶች እነማን ናቸው?»

«ኦክስጅን» አልኩ።

ሊቀመንበሩ በሩ ላይ የቆመውን ጥበቃ አየው። «አየህ? እሱም ያለው ይህንኑ ነው። ሁለቱም የሚያውቁት የኅቡዕ ስሙን ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «ይህ ኦክስጅን የምትሉት ሰው የት ነው ያለው?»

የተናገርነው አንድ በመሆኑ ለአንዲት ቅጽበት ደስ ሊለኝ ነበር፤ ከዚያ አንድ መሆኑ ራሱ ሊያስገድለን እንደሆነ ገባኝ። «ሰው አይደለም» አልኩ፤ «የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለ ነገር ነው። በየቦታው አለ። እዚህም ክፍል ውስጥ አለ።»

ጥበቃው ዞር ብሎ ከበሩ ኋላ አየ።

ሊቀመንበሩ ጣቱን ኩርባው ላይ አሳረፈ። ከግራ ወደ ቀኝ ጉብታዎቹን ነካቸው። «ይህ የታቦር ተራራ ነው። ይህ የአላሙራ ተራራ ነው። ይህን ሦስተኛውን ገና አጣራዋለሁ። ከመሐል ተነሥቶ አንድ ነጥብ ስድስት ላይ አራት አሉ ብላችኋል። ከዚህ ቢሮ ተነሥቼ አስለካሁት። አንድ ነጥብ ስድስት ኪሎ ሜትር ላይ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«የነዳጅ ማከማቻው ነው።»

ኪሎ ሜትር አይደለም፣ በዓይን ከማይታይ ነገር ወደ በዓይን ወደማይታይ ነገር ያለ ርቀት ነው ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ፤ ስናገር ለራሴም ውሸት መሰለኝ። በዓይን የማይታይ ሰው፣ በዓይን የማይታይ ርቀት። ላም ባልዋለበት ኩበት የሚለቅም ሰው ፊት ተቀምጬ ኩበት የማቀብለው እኔው ሆንኩ።

ሊቀመንበሩ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ። «ደግሞም አራቱም ኦክስጅን አይደሉም። ወንድምሽ ሦስቱን ኦክስጅን ብሏል። አራተኛዋ እህቴ ናት ብሏል።»

ይህን አላመንኩም። አንዱን በሌላው ላይ ለማስነሣት የሚሉት እንደሆነ ከሰው ሰምቻለሁ። ከኋላ ካሉት ክፍሎች አንዱ ውስጥ አስገቡኝና ከሌሎች ሴቶች ጋር አደርኩ። ማንም ስሙን አይናገርም። አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ እጄን ይዛ አደረች፤ ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ከክፍለ ሀገር ካድሬ መጣ። ወጣት ነው፤ መነጽር አድርጓል። ተማሪ ሳለ ኬሚስትሪ ጀምሮ ያቋረጠ እንደሆነ በኋላ ሰማሁ፤ ያን ጊዜ ግን ያየሁት፣ ሊቀመንበሩ ሲያናግረው ከወንበሩ መነሣቱን ነው። ወንድም ጋሼን አመጡት። ውስጥ እግሩን ገርፈውታል፤ ሲራመድ ተረከዙን መሬት አያስነካም። ፊት ለፊቴ አስቀመጡት። ቀና ብሎ አላየኝም። አፍሮ ነው፣ እንዲህ ሆኖ እንዳላየው ብሎ ነው አልኩ።

ካድሬው ኩርባውን ብዙ አየው። ጥይቶቹን አንድ በአንድ ለቅሞ ለሊቀመንበሩ መለሰለት። ከዚያ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጉብታ መካከል ያለች አንዲት ትንሽ እብጠት ላይ እርሳሱን አስቀመጠ።

«ይቺስ ማን ናት?»

«አምስተኛዋ ትሆናለች» አለ ሊቀመንበሩ።

«እሷ የለችም» አለ ወንድም ጋሼ። ከመጣ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ ነው። ድምፁ ሻክሯል።

«ሥለሃት እያየናት የለችም ትላለህ!» ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን መታ።

«ሒሳቡ ነው የፈጠራት» አለ ወንድም ጋሼ ለካድሬው። «ራጁ የሚነግረን እስከ አንድ ማዕዘን ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማሽኑ አይደርስም። ንባቡ መሐል ላይ ስለሚቆረጥ፣ ድምሩ በእውነተኛው ጉብታ ጎንና ጎን የሌለ ጎረቤት ያወጣል። ወሬ መሐል ገብቶ መሐል ላይ የወጣ ሰው፣ ያልተባለ ነገር ሰምቻለሁ እንደሚለው። የሚያውቅ ሰው የትኛው የእውነት፣ የትኛው የቁራጭ እንደሆነ መለየት አለበት።»

ካድሬው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ።

«ካርታ ከሆነ ሒሳብ አይወልደውም» አለ። «ይቺን የለችም ያልካትን ነጥብ አሁን እዚሁ ሥሩልኝ። ሁለታችሁም። ኩርባው ላይ ካረፈች ትሄዳላችሁ። ካላረፈች የሊቀመንበሩ ጉዳይ ናችሁ።»

ሠንጠረዡን ሰጡኝ። የሒሳብ መኪናውንና የራጁን ንባብ ፊቱ አኖሩለት። ጀመርን። አነብባለሁ፣ ይደግማል፣ ያባዛል፣ ድምሩን ይናገራል፣ እደግማለሁ። ቤታችን ውስጥ የሥራ ቋንቋችን የነበረው ነገር እዚያ ክፍል ውስጥ ባዕድ ሆኖ ተሰማኝ። ላብ ከግንባሬ ወርዶ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠባል። ቁጥሮቹ ይዋኛሉ። ወንድም ጋሼ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እያየ ይነካል፤ ድምፁ ቤት ውስጥ እንደነበረው ነው። መሐል ላይ ደርሰን አንድ ቁጥር አነበብኩ፣ እሱም ደገመው፤ ከእሱ አፍ ስሰማው ስሕተት መሆኑ ታወቀኝ። ስድስትን ዘጠኝ ብያለሁ።

«ተሳስቻለሁ» አልኩ። «ስድስት ነው።»

«ለወጠች!» ሊቀመንበሩ ብድግ አለ። «ምልክት ተሰጣጡ! ስድስት ማለት ምን ማለት ነው?»

ሠንጠረዡን ከእጄ የወሰደው ካድሬው ነው። መስመሩን በጣቱ ተከተለው። ያቺ ጣት ከላይ እስከ ታች እስክትደርስ ድረስ ያለው ጊዜ በሕይወቴ ውስጥ ረጅሙ ነው። ስድስት ካልሆነስ? ትክክል የነበረውን አበላሽቼው ከሆነስ? እናታችንን አሰብኩ፤ ሁለታችንንም በአንድ ቀን ሲነግሯት።

«ስድስት ነው» አለ። ሠንጠረዡን መለሰልኝ። «ቀጥሉ።»

ቀጠልን። የመጨረሻውን ድምር ወንድም ጋሼ ሲናገረው እኔ መድገም አቃተኝ፤ ካድሬው ራሱ ደገመው። ከዚያ እርሳሱን አንሥቶ፣ ወረቀቱ ላይ ከፍታውን ቆጥሮ፣ ነጥቧን ጣለ። ነጥቧ የለችም በተባለችው እብጠት ጫፍ ላይ በትክክል አረፈች። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ አያት፣ ቀና አለ፣ ጥይቶቹን ኪሱ ከተተ።

«ወረቀቱና ማሽኑ እዚህ ይቀራል» አለ ካድሬው። «እናንተ ሂዱ። ሌላ ጊዜ ስለዚህ ነገር ስታወሩ በፈረንጅኛ አውሩ።»

ወንድም ጋሼ መራመድ ስላልቻለ ጋሪ ጠራሁ። ፈረሱ ቀስ እያለ በዋናው መንገድ ወሰደን። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይመጣል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ስልክ እንጨት ላይ ተደርድረዋል፤ ሰው ሁሉ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። መትረፋችን በአንዴ ራሴ ላይ ወጣ መሰለኝ፣ ወሬ ወሬ አሰኘኝ፤ ጥበቃው ኦክስጅንን ፍለጋ ከበሩ ኋላ እንዴት እንዳየ ነገርኩት፤ ብቻዬን ሣቅኩ።

«ደግሞ ያ ደንቆሮ ሊቀመንበር ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?» አልኩት። «ሦስቱን ኦክስጅን ብሎ አራተኛዋ እህቴ ናት ብሏል አይለኝም!»

ወንድም ጋሼ አልሣቀም። የፈረሱን ጀርባ ነው የሚያየው።

«ወንድም ጋሼ።»

«ኦክስጅን ነው ስላቸው ይመቱኛል» አለ። «ሁለተኛውስ ይላሉ፣ ኦክስጅን እላለሁ፣ ይመቱኛል። ሦስተኛውስ ሲሉኝ እንዲሁ። አራተኛው ላይ፣ ሰው ካልጠራህ አንተውህም አሉኝ።» የታመመ እግሩን አስተካከለ። «የሌላ ሰው ስም አልመጣልኝም።»

ጋሪው ሄደ። ባለ ጋሪው ፈረሱን ገሠጸ። እኔ እጄን እጁ ላይ አደረግኩ፤ ከልቤ ነው ያደረግኩት። እውነቱን ለመናገር አልተቆጣሁትም፤ እኔን እንደሱ ቢመቱኝ እናቴን ሳይቀር እጠራ ነበር። ቤት ገብተን ለብ ባለ ውሃና ጨው እግሩን አጠብኩለት። ይቅር በይኝ አለኝ፤ ምን አደረግክ አልኩት። ያም ከልቤ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤታችን ለእኛ ይጸልይ ነበር፤ ያን ቀን በሹክሹክታ አልነበረም፣ ሚስቱም ዝም አላሰኘችውም። ወንድም ጋሼ ጥቂት እህል ቀመሰና በግድግዳ ተይዞ ወደ አልጋው ሄደ።

ከመተኛቴ በፊት የክፍሌን በር ቀረቀርኩት። ከወንድሜ ጋር አንድ ቤት ስኖር ቀርቅሬው አላውቅም ነበር። መቀርቀሪያው ዝጎ ኖሮ ጮኸ፤ ከወዲያ በኩል የወንድም ጋሼ አልጋ መንቋቋቱን አቆመ።